በወንድሜ አውቶቡስ አልሳፈርም

ማንበብ የተማርኩት ከመኪና ጀርባ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ስሄድ ነው። በጎረምሳነቴ ሶዶ መናኸሪያ ጭነት እሸከም ነበር። አንዱን ሸክም አውርጄ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የአውቶቡሶቹ ጀርባ ላይ አፈጣለሁ፤ የተማረ ሰው ሲያልፍ «ይሄ ምን ይላል?» ብዬ እይዘዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ፊደሉን በሙሉ ከመንገደኛ አፍ ለቅሜ ጨረስኩ። ኋላ የወፍጮ ሞተር ገዛሁና እሱንም እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ጣቴን እያቆሰልኩ ተማርኩት። ዛሬ ሞተር ሲያስል ሰምቼ የት እንዳመመው እናገራለሁ። ይህን የምትጽፈው ለመመጻደቅ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ለመመጻደቅ ነው። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ራሱን ካላመሰገነ ማን ሊያመሰግነው ነው?

ከመናኸሪያው ያተረፍኩት ግን ፊደል ብቻ አይደለም። «ጌታ ይመራናል» የሚል በቀይ ቀለም ያሸበረቀ መኪና ጠዋት በእልልታ ሲወጣ አንብቤ፣ ማታ ያንኑ ጽሑፍ ተገልብጦ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ጽሑፍ ፍሬን አይዝም።

ወንድሜ ይህን አልተማረም። እሱ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ነገሩ የተነሳው የልጅ ልጄ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ታርጫ የተዳረች ጊዜ ነው። ይህቺን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቴ ዱቄት ጋር ነው ያደገችው፤ ሰርጓ ሶዶ ተደግሶ ሙሽራው ይዟት ሄደ። ቅልቅሉ ደግሞ በሙሽራው ወላጆች ቤት ሊሆን ቀን ተቆረጠ። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቆጮውንና ቅቤውን ተሸክሞ በአንድ አውቶቡስ መሄድ አለበት። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የበሌን ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ኦሞ የሚወርደው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ጆሮ ይደፍናል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ሰማይ ነው። ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ የሚስቴ እህቶች፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን፣ ባጠቃላይ በሕይወቴ ያለኝ ሁሉ በአንድ መኪና ተጭኖ ያንን ቁልቁለት ሊወርድ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስለ መኪናው ልንመካከር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆምን። ሽማግሌያችን ቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ስብሰባ በአጀንዳ የሚመሩ ሰው ናቸው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የጥሩምባ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ታናሽ ወንድሜ በአውቶቡሱ መጣ።

ይህ አውቶቡስ ወንድሜ ቦምቤ ላይ ለብዙ ዓመት ዝንጅብል ነግዶ ያገኘውን ሁሉ ያፈሰሰበት ነው። ይወደዋል። የኋላ መስታወቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ልንገራችሁ? «ጌታ ይመራናል።»

ከደረጃው ሳይወርድ፣ በሩን እንደያዘ፣ «ለልጄ ቅልቅል በነጻ! ደርሶ መልስ በነጻ!» አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው፣ «ጌታ ይባርክህ! አጀንዳው ተዘግቷል» አሉና እጃቸውን ለጸሎት ዘረጉ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር መናገር አለብኝ። በወላይታ የዘመድ መኪና እያለ የሌላ ሰው መከራየት ዘመድን መስደብ ነው። ጎማ የሚያይ የለም፤ ለእኛ ሰው ዝምድና ራሱ ቦሎ ነው። እኔ ደግሞ ባይራ ነኝ፤ በቤታችን የበኩር ልጅ እንዲህ ይባላል። ባይራ ቀድሞ ይናገራል፣ ቀድሞ ይቆርሳል፤ በምትኩ ግን የታናናሾቹን ጉድለት በሰው ፊት ይሸፍናል። ሁሉም የጠበቀው እንድሸፍን ነው።

እኔ ሽማግሌው ሲጸልዩ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነበር። ዳሰስኩት። ጥርስ የለውም፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ቀና ብዬ የፊት መስታወቱን አየሁ፤ ቦሎው ያለፈው ዓመት ነው። ወደ ውስጥ ገባሁ፤ መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሯል፤ ወንበር ላጣ ሰው ነው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ዓይኑን ያሻል።

«የት አደርክ?» አልኩት።

«ሌሊቱን ከአዲስ አበባ ስነዳ ነው ያደርኩት፣ አባባ» አለኝ፤ እንዳደንቀው ፈልጎ።

ወረድኩና «አሜን» እስኪባል ጠበቅሁ። ከጸሎት ጋር ጠብ የለኝም። ከዚያ፣ «በዚህ አልሳፈርም፤ ቤተሰቤም አይሳፈርም» አልኩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጋሼ፣ ወንድምዎ እኮ ነው!»

«እሱ ወንድሜ ነው። ጎማው ግን አይዛመደኝም።»

ከመዘምራኑ አንዷ ሳቀች። ወንድሜ አልሳቀም። ወርዶ ፊቴ ቆመ። «እናታችን የታመመች ጊዜ በዝናብ ኦቶና ሆስፒታል ያደረሳት ማን ነው? ይሄው መኪና አይደለም?»

«ነው። አመሰግነዋለሁ። ያኔ ጎማው አዲስ ነበር።»

«ሰው ወንድሙን ካላመነ ምን ሊያምን ነው?»

«ፍሬን።»

ወንድሜ ጀርባውን ሰጠኝ። ተሳፍሮ በሩን ዘጋና ሄደ። ሁልጊዜ ሲለየኝ «ደህና ዋል፣ ባይራ» ይል ነበር፤ ያን ቀን አላለም።

ቤት ስንገባ ሚስቴ ነጠላዋን ወርውራ ተነሳችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን በየትኛው የወፍጮ ድንጋይ ነው የምትስለው? የታናሽህን ገመና ትሸፍናለህ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ታወጣለህ?»

«ገመና ቢሆን እሸፍን ነበር። ይሄ ጎማ ነው፤ ብሸፍነው የሚፈነዳው አንቺ ተቀምጠሽበት ነው።»

«እሺ፣ እስቲ ከሱ የተሻለ አምጣ!»

እንዲህ ያለችው ልታሸንፈኝ ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

መናኸሪያው ዙሪያ ያገኘሁት የመጀመሪያው ባለመኪና እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «አባባ፣ እንኳን ታርጫ፣ ሰማይ ቤት አደርስዎታለሁ!»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» ብዬው አለፍኩ።

ሁለተኛው መኪና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ቴሌቪዥን አለው፣ መጋረጃ አለው። ሾፌሩ ግን ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሰክቶ፣ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጫት ይዞ ነው የመጣው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁትም።

ሦስተኛው ስኳርና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሐጂ ናቸው። አባታቸው ከስልጤ መጥተው እዚህ ሶዶ የሰፈሩ፣ እሳቸው እዚሁ የተወለዱ ሰው ናቸው። ለኮንትራት የሚሰጡት አውቶቡስ አላቸው። ሱቃቸው በር ላይ ሻይ አዘዙልኝ፤ ሻዩን ትቼ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ጎማውን ዳሰስኩ፤ ጥርሱ ጥፍሬን ያዘው። ተጠባባቂ ጎማውን አስወርጄ ዳሰስኩ። ቦሎውን አየሁ፤ የሦስተኛ ወገኑን ኢንሹራንስ አየሁ፤ እሳት ማጥፊያውን አንስቼ መዘንኩ። ወንበሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀነቅሁ።

ሐጂ ከሱቃቸው በር ሆነው ይስቃሉ። «ጋሼ፣ ልጅ ሊያጩ ነው የመጡት ወይስ መኪና ሊከራዩ?»

«ሚስቴን ሳጭ ይሄን ያህል አልመረመርኩም። አሁን ሾፌሩን ይጥሩልኝ።»

ሾፌሩ ጎልማሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ይሄን ወደድኩለት። አጠገቡ ተቀምጬ ከኦቶና በላይ ወዳለው የዳሞታ ዳገት አስወጣሁትና «አሁን ውረድ» አልኩት። ሲወርድ መንገዱን አላየሁም፤ እግሩን ነው ያየሁት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እያጉረመረመ ወረደ፤ ፍሬኑን የነካው ሲያስፈልገው ብቻ ነው።

«አባባ፣ ምነው እግሬን ያዩታል?»

«ፊትህ ሊዋሸኝ ይችላል። ለመሆኑ ትናንት የት አደርክ?»

«ቤቴ።»

«ከጉዟችን በፊት ባለው ሌሊትም ቤትህ ታድራለህ።»

ሐጂን ደግሞ ከወንበር በላይ አንድም ሰው እንደማይጫን አስማልኳቸው። «አንድ ትርፍ ሰው ከገባ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱት» አሉኝ። ተጨባበጥን። በዚች ከተማ ከእኔ በላይ መኪና የሚመርጥ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

የመንደሩ ሰው ግን አላጨበጨበልኝም። አንዳንዱ «ለወንድሙ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው» አለ። ወንድሜ በሚስቴ በኩል አንድ መልእክት ላከ፦ «በባዕድ መኪና ወደ ልጄ ቅልቅል አልሄድም።» ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቴን አየች። እኔም አየኋት። «መንገዱን ያውቀዋል» አልኩ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት በሩ ላይ እኔ ነበርኩ የቆምኩት፤ ረዳቱን ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። የሚስቴ ታላቅ እህት ያልተጠራች ጎረቤቷን አስከትላ መጣች። ጎረቤትየዋ በብብቷ ዱካ ይዛለች። ከቤቷ! ሰው ለጉዞ ምሳ ይቋጥራል፤ የእኛ ሰው መቀመጫ ቋጥሮ ይመጣል።

«እኔ ከማንም ጋር አልጋፋም፣ መሃል ላይ ቁጭ ነው የምለው» አለችኝ።

«መሃሉ መውጫ ነው፣ እመቤቴ።»

«ወዴት ሊወጣ ነው ደግሞ? ሁላችንም ወደ ታርጫ አይደለን?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዱካውን ተቀብዬ ግቢያችን አጥር ሥር አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ በወላይትኛ የረገመችኝን እርግማን አማርኛ አይችለውም። የሚስቴ እህት በንዴት አብራት ልትቀር ነበር፤ ሚስቴ ናት ጎትታ ያስገባቻት። ሽማግሌው ጸለዩ፣ አሜን አልን፣ ተነሳን።

ኦሞ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ዘፈኑ ሁሉ ቆመ። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ እንደ ወፍጮዬ አጉረመረመ፤ ያ ድምፅ ለእኔ ከመዝሙር አይተናነስም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ «ይሄ ሾፌር ከአህያ ጋር ነው እንዴ የሚሽቀዳደመው?» አለ።

«አህያ ኦሞ ስትገባ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት ሳልዞር።

ታርጫ ደረስን። የልጅ ልጄ ከበሩ ሮጣ ወጥታ ጉልበቴን ሳመች፤ ሴት አያቷን አቀፈች፤ ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ያለውን በር ትመለከት ጀመር። ሰው ወርዶ አለቀ።

«ትንሹ አያቴስ?»

ከዘራዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። «አልመጣም።»

«ለምን?»

«በጎማ ተጣልተን።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ፊቴን አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅ ሆና ትከሻው ላይ ተሸክሟት ገበያ የሚዞረው እሱ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ አላውቅም፤ የጎደለው አንድ ሰው ግን በየደረስኩበት ይታየኝ ነበር። ቢሆንም ያን አውቶቡስ እንደገና ቢያቆሙልኝ እንደገና እምቢ እል ነበር።

ገበታው ሲቀርብ ሌላ ጦርነት ጠበቀኝ። በእኛም በእነሱም ባህል እንግዳ ያመጣ ሾፌር የክብር እንግዳ ነው፤ እስኪተኛ ይበላል። የሙሽራው አባት ሾፌሩ ሙስሊም መሆኑን አስቀድመው ሰምተው በሙስሊም እጅ ለብቻው ፍየል አሳርደዋል፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። ደግነታቸው ግን ማቆሚያ አልነበረውም። በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ በሚያቃጥል ዳጣ የተለወሰ ሥጋ፣ እንደገና ሥጋ። ሾፌሩ «ጠገብኩ» ባለ ቁጥር «እኔ ልሙት» ይላሉ። የዓይኑ ቆብ ሲከብድ ከማዶ አየሁ። ተነስቼ ሄድኩና ክንዱን ያዝኩት።

«በቃህ። መኪናው ውስጥ ገብተህ ተኛ።»

የሙሽራው አባት ጉርሻ እንደያዙ ቀሩ። «አማች፣ እንግዳዬን ከገበታዬ ያስነሳሉ?»

«ለሆዱ አይደለም ያመጣሁት፣ ለዓይኑ ነው። ጉርሻውን ለእኔ ያጉርሱኝ፤ እኔ አልነዳም።»

አፌን ከፈትኩ። እሳቸውም አጎረሱኝ፤ እጃቸው ሰፊ ነው፣ ልታነቅ ነበር። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ጥላ ሥር በቆመው መኪና ውስጥ ተኝቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ዓይኑ ጠርቶ መለሰን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶዶ ገባን። አንዲት የቅቤ ቅል እንኳ አልተሰበረችም።

አሁን የምነግራችሁን ብደብቀው ታሪኬ ያምር ነበር። ግን አልደብቅም። ጥቂት ቆይቶ የወንድሜ አውቶቡስ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ጎማ፣ ሌሎች መዘምራንን ይዞ ሄደ። ዱካው ሁሉ ሰው ነበረበት። ሄዶም ተመለሰ። ጭረት የለበትም።

ከተማው ሁሉ ተረበኝ። ገበያ ስወጣ፣ «ጋሼ፣ የወንድምዎ ጎማ ሰላም ብሎዎታል!» ይሉኛል። ወፍጮ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ጥርስ የለውም ያሉት ጎማ ቁልቁለቱን ውጦ መጣ!» ይሉኛል። ሽማግሌው ሳይቀሩ ለማስታረቅ መጥተው፣ «አዩ ጋሼ፣ ጌታ ጠበቃቸው፤ በቃ ይቅርታ ይበሉትና ይለቅ» አሉኝ።

«በምኑ ይቅርታ ልበል?»

«በሰው ፊት ስላዋረዱት።»

«ጎማው ተቀየረ?»

«እሱን አላየሁም።»

«እንግዲያው አይተው ይምጡ» አልኳቸው።

ለእሳቸው ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። ደርሶ መመለስ ማስረጃ አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ አስፋልት የሚያቋርጥ ሰውም አንዳንድ ቀን ይሻገራል፤ እንዲህ ስለሆነ ነገ ሚስቴን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ አልሻገርም። ወንድሜ ገደል ቢገባ ኖሮ ሁሉም «ባይራው ብልህ ነው» ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ምስጋና ይቅርብኝ። ሳይገባም ልክ ነበርኩ። ልክ ነበርኩ እንዲባል ሰው መሞት የለበትም።

ወራቱ አለፉ፤ ጊፋታ ደረሰ። ይህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ ሰው ጠቡን ይዞ አዲስ ዓመት አይገባም፤ ታናናሾችም ከባይራው ቤት ተሰብስበው ይበላሉ። ሚስቴ የበዓሉን ምግብ ሙቹዋን በቅቤ አሰናድታ፣ ዳጣውን ፈጭታ፣ በየመሃሉ ደጁን ታያለች። «ሂድና ጥራው» አለችኝ። ባይራ አይሄድም አልኳት። «ዘንድሮ ካልመጣ ከእንግዲህ አይመጣም» አለች። ይህ እውነት ነበር፤ በአገራችን የጊፋታን ገበታ የቀረ ወንድም ገበታውን ለዘለዓለም ቀረ ማለት ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ጥሩምባው ሲጮህ ወዲያው አወቅሁት። በአገሩ ሁሉ እንዲህ የሚያላዝን ጥሩምባ አንድ ብቻ ነው።

«ባይራ!» አለ ድምፁ ከውጭ። «ባይራ፣ ውጣ!»

ወጣሁ። ወንድሜ ራሱ መሪ ላይ ነበር። በሩ ተከፈተና የልጅ ልጄ ወረደች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሳይነግረን ታርጫ ድረስ ሄዶ ከነባሏ ለበዓሉ አምጥቷታል። ያንን ቁልቁለት፣ ከነሆዷ።

እጇን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች። እኔ በአጠገቧ አልፌ ከፊት ጎማው ሥር ተንበረከክሁ።

«ወይ ጉድ!» አለች ሚስቴ ከደጃፉ። «ልጅቷን ትቶ ጎማ ሊስም ነው!»

ጣቴን ሰደድኩ። ጥርሱ ጥፍሬን ያዘው። አዲስ ነው፤ የጎማው ሽታ ገና አልለቀቀውም። የወዲያኛውንም ዞሬ ዳሰስኩት፤ አዲስ ነው። ቀና ስል ቦሎው የዘንድሮ ነው። መተላለፊያው ላይ አንድም ዱካ የለም። ወንድሜ እጁን አጣምሮ ከላይ ይመለከተኛል። ወደ ኋላ ሄድኩና የኋላዎቹን ዳሰስኩ። እንደ ሕፃን ጉንጭ ናቸው።

ጉልበቴን አራግፌ ተነሳሁ። «የኋላዎቹስ?»

«ለሚመጣው ወር» አለ።

«እኔም የምሳፈረው በሚመጣው ወር ነው።»

ተፋጠጥን። ከዚያ ወንድሜ ሳቀ፤ በዚያ እሑድ ፊቴ ከቆመ ጀምሮ ሳቁን አልሰማሁም ነበር። ወርዶ ትከሻዬን በትከሻው ገጨው። ልጅቷን ሳምኳት፤ እንባዋ ጋቢዬን አረጠበው። ገባን፤ ቀድሜ ቆረስኩና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለወንድሜ አጎረስኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ለመውረድ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፤ መንገዱ አጭር፣ ገደል የሌለው ስለሆነ አልከለከልኳቸውም። እኔ ከዘራዬን ይዤ በእግሬ ተነሳሁ። ወንድሜ ከአጠገቤ አጠገቤ እየነዳ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ በመንገደኛ ሁሉ ፊት ይሰድበኛል፤ ከኋላው ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ እየሳቁ ይዘፍናሉ።

«ባይራ፣ ግባ! ሰው እየሳቀብህ ነው!»

«ይሳቅ። የኋላዎቹን ቀይር!»

እስከ ሜዳው ድረስ በመጀመሪያ ማርሽ ነው የነዳው፣ እግሩን ከፍሬን ላይ አንስቶ፣ ሞተሩን እያስጉረመረመ። እግሩን በበሩ መስታወት አይቼዋለሁ። ደስ አለኝ። ግን አልገባሁም።